ውኃ አያጠራውም ያልነው ወንድም

የቤተ እስራኤል ልጆች ሆይ፣ በኪርያት ጋት በአሮጌው ሰፈር የቀራችሁ፣ ወደ ካርሜ ጋትም ተሻግራችሁ አዲስ ቤት የያዛችሁ፣ ይህ ተግሣጽ ለእናንተ ነው፤ ለጸሐፊውም ነው። ሌሎች ስለ በደሉን በደል ብዙ ተናግረናል፤ እውነት ነውና ወደፊትም እንናገራለን። እኛ ስለ በደልነው ግን ዝም ብለናል። ከአርባ ዓመት በላይ በዚህች ምድር ተቀምጠን፣ በየዓመቱ ለሲግድ ምህላ እየወጣን፣ የአባቶቻችንን ኃጢአት በግእዝ ስንናዘዝ ኖረን፣ የራሳችንን አንዲት ኃጢአት በአማርኛ መናገር አልደፈርንም።

ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልጁና ልጅቷ በጦር ሠራዊት ወይም በኮሌጅ ይተዋወቃሉ፤ ሁለት ሦስት ዓመት ይቆያሉ፤ ከዚያ ሽማግሌ ይላካል። በካርሜ ጋት ስምንተኛ ፎቅ ላይ፣ ማሽካንታው፣ የቤቱ ብድር፣ ገና ሃያ ዓመት በሚቀረው ቤት፣ ሰሎኑ ይጸዳል፣ ቡና ይፈላል፣ ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል፤ ሽማግሌዎቹም ከሁለቱ ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ይህ ቆጠራ መልካም ሥርዓት ነው፤ የሥጋ ዘመድ እንዳይጋባ አባቶች ያጠሩት አጥር ነው፤ እርሱን አልነቅፍም። ነገር ግን ቆጠራው አልቆ፣ ዝምድና እንደሌለ ተረጋግጦ፣ ወጣቶቹ እፎይ ሲሉ፣ አንዲት አክስት ትነሣና አንዱን ሽማግሌ ወደ ማእድ ቤት ትጠራዋለች፤ ቧንቧውን ከፍታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለመሆኑ አጥንታቸው እንዴት ነው?» ትላለች። ሽማግሌው «ጨዋ ናቸው» ካለ ዕልልታ ይሆናል። ዝም ካለ ዝምታው ይበቃል። በሳምንቱ ለልጅቷ ወላጆች ይደወላል፤ «ስድስተኛው ቤት ላይ ዘመድ ሆነን ተገኘን፤ ሥርዓታችን አይፈቅድም» ይባላል። ውሸት ነው። እነርሱም ውሸት መሆኑን ያውቃሉ። እኛም ማወቃቸውን እናውቃለን።

የአባቶችን አጥር የሐሰት መሸፈኛ አደረግነው። ሥጋን ከርኵሰት ይጠብቅ ዘንድ የተሠራውን ሥርዓት ወንድምን ለመናቅ አዋልነው። በኦሪት ስም ኦሪትን ሻርን። ቡናውን ጠጥቶ፣ ዳቦውን በልቶ፣ ነገሩን ሰምቶ እንዳልሰማ የተነሣውም ሰው ከዚህ በደል ነጻ አይደለም፤ ይህን የምጽፈውም ከእነዚያ እንደ አንዱ ሆኜ ነው።

እኛ እኮ ይህን በደል ከማንም ይልቅ ልናውቀው የሚገባን ሕዝብ ነበርን። (ዘመኑን እዚህ አገር በለመድነው በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ከጎንደርና ከትግራይ በእግራችን ወደ ሱዳን ወርደን፣ በመንገድና በኡም ራኩባ መጠለያ በረኃብና በትኩሳት 4,000 ያህል ወገን ቀብረን፣ በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሌሊት አውሮፕላን ተጭነን የናፈቅናት ምድር ስንደርስ፣ በዚያው በ1985 የረቢዎቹ ሸንጎ ራባኑት አይሁድነታችን ያጠራጥራል ብሎ ወደ መንጻት ውኃው ወደ ሚክዌ ግቡ፣ ወንዶቻችሁም ዳግመኛ የግዝረት ደም ያፍስሱ ቢለን፣ ኢየሩሳሌም ላይ ከደጃፉ አንድ ወር ያህል ተቀምጠን አለቀስን፤ በ1996 ደም ሰብሳቢው ድርጅት ማጌን ዳቪድ አዶም የለገስነውን ደም እየተቀበለ በስውር ሲደፋ መኖሩ በጋዜጣ ሲወጣ፣ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት በሺዎች ተሰብስበን ጮኽን፤ በ2009 በፔታሕ ቲክቫ ልጆቻችንን አንቀበልም ያሉ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ በ2012 ከዚህ ብዙም በማይርቀው በኪርያት ማላኺ የአንዳንድ ሕንፃ ነዋሪዎች ለኢትዮጵያዊ ቤት እንዳይሸጥ፣ እንዳይከራይ መስማማታቸው ተሰማ፤ በ2015 ሆሎን ላይ የደንብ ልብስ የለበሰ ወታደራችን በፖሊስ ሲደበደብ በካሜራ ታየ፤ በሰኔ ወር 2019 ልጃችን ሰሎሞን ተካ በኪርያት ሐይም ከሥራ ሰዓቱ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ወደቀ፤ የአገሩም አውራ ጎዳናዎች በልጆቻችን ቁጣ ተዘጉ።

ይህን ሁሉ አየን። ተጠቃን። ከመጠቃታችን ግን አልተማርንም። የተበደለ ሁሉ ጻድቅ ነው ብለን ራሳችንን አታለልን። ልጆቻችን ዘረኝነት ይብቃ የሚል ጽሑፍ በአደባባይ ተሸክመው ውለው ማታ ወደ ቤት ሲገቡ፣ እኛ አጥንት እየቆጠርን ጠበቅናቸው።

ዘር ስለሚሉት ነገር የዓለም ሊቃውንት ብዙ ዘመን ደክመዋል። በ1735 ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ የሰውን ልጅ እንደ ዕፅዋት በአራት መደበ፤ በኋላም ለእያንዳንዱ ምድብ ጠባይ ለጠፈለት፤ በዚያው መቶ ዘመን ማብቂያ ጀርመናዊው ብሉመንባኽ አምስት አደረጋቸው፤ ከዚያ ወዲያ የራስ ቅል የሚለካ፣ አፍንጫ የሚመትር፣ ጠጉር የሚመረምር ሠራዊት ተነሣ። ድንበሩ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጸናም። በ1972 ሪቻርድ ሌዎንቲን በሰው ልጆች መካከል ካለው የዘረ መል ልዩነት 85 ከመቶ ያህሉ በየአንዱ ሕዝብ ውስጥ እንደሚገኝ አሳየ፤ ልዩነታችን አብዛኛው በጎረቤትና በጎረቤት መካከል ነው እንጂ በሕዝብና በሕዝብ መካከል አይደለም ማለት ነው። ለእኛ ግን ይህ አዲስ ወሬ ሊሆን ባልተገባ ነበር። ከአንድ አዳም የሚጀምር መጽሐፍ ተሸክመን ነው በረሃውን ያቋረጥነው።

ታዲያ ከቆዳ ካልሆነ፣ ከደምም ካልሆነ፣ ዘረኝነት ምንድን ነው? እኔ ውኃ የማያጠራው ርኵሰት ነው እላለሁ። ኦሪት ስለ ርኵሰት ብዙ ታስተምራለች። ሬሳ የነካ ይረክሳል፤ ፈሳሽ ያለበት ይረክሳል፤ የወለደችም ሴት የመለየት ወራት አላት፤ ይህን እናቶቻችን በየመርገም ጎጇቸው ተቀምጠው ጠብቀውታል። ነገር ግን ኦሪት መውጫ ያላበጀችለት ርኵሰት የለም፤ የተቆጠረ ቀን አለው፣ ውኃ አለው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ያበቃል፣ ሰውየውም ወደ ሰፈሩ ይገባል። ዘረኝነት ፀሐይ የማትጠልቅበት ርኵሰት ፈጠረ። ሰውየው ቢታጠብ፣ ቢገረዝ፣ ቢጾም፣ ቢማር፣ ለአገሩ ቢዋጋ፣ ቢሞትም ያው ነው፤ ልጁም ያው ነው፤ የልጅ ልጁም ያው ነው ይላል። ሕግና ዘረኝነት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። አንዱ የሠራኸውን ይጠይቅሃል። ሌላው የማን ልጅ እንደሆንህ ብቻ ይጠይቅሃል።

ይህንንም ከሌላው ቀድሞ የቀመሰው የእስራኤል ቤት ነው። በ1449 በስፔን በቶሌዶ ከተማ ክርስትና የተነሡ አይሁድ ሹመት እንዳይዙ ደንብ ወጣባቸው፤ ጥምቀቱ ደማቸውን አላነጻውም ተባለ። የሮማው ጳጳስ ኒኮላስ 5ኛ አወገዙት፤ ልማዱ ግን ውግዘቱን ረግጦ ተስፋፋ። በ1935 ደግሞ የኑረምበርግ ሕግ ሰውን በአያቶቹ ቆጠረ፤ ሦስት አይሁድ አያት ያለው፣ ቢጸልይም ባይጸልይም፣ ሌላ ሃይማኖት ቢይዝም፣ አይሁድ ነው አለ። ያ ቆጠራ ወዴት እንዳደረሰ በዚህ አገር ለሕፃን እንኳ አስተማሪ አያሻውም። የእኛን ሥራ ከዚያ እልቂት ጋር አላስተካክልም፤ ማስተካከል ራሱ በደል ነው። ሥሩ ግን ከአንድ መሬት የበቀለ ነው። አያት የሚቆጥር ሹም ያጠፋው ሕዝብ ወገኖች ሆነን፣ እኛም አያት እንቆጥራለን።

ሥሩስ ወዴት ነው? በደሉ ይቀድማል፤ ስድቡ ይከተላል። አባቶቻችን እንደሚተርኩት፣ በ15ኛው መቶ ዘመን አፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ርስት የለውም ብለው አወጁ። ርስት ተነቀለ። ርስት የሌለው ሰው ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሸክላ ይሠራል፣ ይሸምናል፣ የባላባቱን መሬት ለእኩል ያርሳል። «ቡዳ» የተባልነው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ዓይናቸው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ የተባልነው ከዚያ ወዲህ ነው። ከእኛ በገዛው ማረሻ እያረሰ፣ ከእኛ በገዛው እንስራ ውኃ እየጠጣ፣ እጃችን ርኩስ ነው አለ። መሬታችንን የያዘ ሰው ኅሊናው እንዲተኛለት፣ መሬቱን ያጣው ሰው ከሰው በታች መሆን ነበረበት። በባሕር ማዶም እንዲሁ ሆነ። በኦሪት ኖኅ የረገመው ከነዓንን ነው፤ ካምን አልረገመም፤ ኩሽንም አልረገመም። የአፍሪቃን ሰው ለሸንኮራና ለጥጥ እርሻ የነገዱት ግን ርግማኑን ከከነዓን ላይ አንሥተው በጥቁር ሕዝብ ሁሉ ጫንቃ ላይ ጫኑት። መርከቡ ቀደመ፤ ትርጓሜው ተከተለ።

እኛስ? ወገኖቼ፣ እኛም ባሪያ ገዝተናል። ከምዕራቡ ቆላ ተዘርፈው የመጡትን፣ «ሻንቅላ» እያልን የምንጠራቸውን ሰዎች፣ በገንዘባችን ገዝተን ወደ ቤታችን አስገብተናል፤ ርስት የተነፈግን፣ ቡዳ የተባልን፣ ከሰው በታች የተቆጠርን እኛ፣ ከእኛ በታች የሚሆን ሌላ ሰው ፈለግን፤ አገኘንም። ወንዝ አውርደን አጠመቅናቸው፤ ወንዶቹን ገረዝናቸው፤ ሰንበትን አስጠበቅናቸው፤ የእስራኤልን አምላክ ስም አስተማርናቸው። ኦሪት በብር የተገዛው ሎሌ እንኳ ከተገረዘ ከፋሲካው እንዲበላ ታዝዛለች፤ ለአገር ልጅና ለመጻተኛ አንድ ሕግ ትሠራለች፤ ከጌታው ኮብልሎ ወደ አንተ የመጣውን ባሪያ ለጌታው አሳልፈህ እንዳትሰጥ ትከለክላለች። እኛ ይህን ሁሉ በየሰንበቱ እያነበብን፣ ከወንዙ የወጣውን ሰው ወንዙ አላነጻህም አልነው። ልጆቹ ከልጆቻችን ጋር ከብት ጠበቁ፤ ከልጆቻችን ጋር ጾሙ፤ ከእኛ ጋር ወደ ሱዳን ወረዱ፤ በኡም ራኩባ ከእኛ ጋር ሞቱ። በ1942 የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ባርነትን በአዋጅ ሽሮታል። በአዋጅ የተሻረውን እኛ በሹክሹክታ አጸናነው።

እንግዲህ በ1985 ያፈሰስነውን እንባ አስቡ። የሙሴን ሕግ ይዘን በመከራ የኖርን፣ ዛሬ በማን ዳኝነት ወደ ውኃ እንወርዳለን ብለን አለቀስን። እውነት ነበረን። ነገር ግን ከውኃ ወጥቶ ሦስት አራት ትውልድ ሰንበት የጠበቀውን ወንድማችንን ገና ባሪያ እያልን፣ ያን እንባ ለማፍሰስ ምን ፊት ነበረን? ራባኑት ቢያንስ ውኃው ያነጻል ብሎ ነበር። እኛ ያንንም አላልንም።

በ2018 የባርካን የወይን ጠጅ ፋብሪካ ከአጥባቂዎቹ ከሐሬዲ ወገን የጠበቀ የካሽሩት፣ የምግብ ንጽሕና፣ ማኅተም ለማግኘት ብሎ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቹን ወይኑን ከሚነኩበት ሥራ እንዳነሣ ሲሰማ፣ የጊዜው ዋና ረቢ ይጽሐቅ ዮሴፍ ሳይቀሩ አወገዙት፤ እኛም ተንገበገብን። አንዳንድ ሽማግሌ ያን ጊዜ፣ እኛም በጎንደር «አትንኩኝ» የተባልን አይደለንምን፣ ከገበያ ተመልሰን ወንዝ ሳንታጠብ መንደር የማንገባ አልነበርንምን ብሎ ጠይቋል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልስም አለው። አባቶቻችን የታጠቡት በብዙዎች መካከል ጥቂት ሆነው ኪዳናቸውን ሊጠብቁ ነው፤ መታጠባቸውም በዚያው ምሽት ያበቃ ነበር። ለገበያው ርኵሰት አንድ ወንዝ በቃው። በቤታችን ላሳደግነው ሰው ግን ዓባይም አልበቃው።

ደግሞም ቸል አልን። ግእዙን ቸል አልን፤ ቄሶቻችን አንድ በአንድ ሲያንቀላፉ ኦሪቱን የሚረከባቸው ልጅ አላዘጋጀንም፤ ሰንበትን ለቴሌቪዥንና ለስልክ አሳልፈን ሰጠን፤ የአምቦበርን ተራራ፣ ከዚያ ተራራ ላይ ወደ ኢየሩሳሌም ስንሰግድ የነበርነውን ስግደት ለልጆቻችን አልተረክንም፤ ፊደል አላስቆጠርናቸውም፤ ሽማግሌ ሲገባ መነሣትን፣ ለእንግዳ እግር ማጠብን፣ በተጣሉ መካከል መግባትን አላወረስናቸውም፤ ከመጤ መቀበያው ከመርከዝ ቅሊጣ ወደ ካራቫን፣ ከካራቫን ወደ ኪራይ ቤት፣ ከኪራይ ቤት ወደ ካርሜ ጋት ስንዛወር በየመንገዱ አንድ አንድ ነገር ጥለን መጣን። አንዲት ነገር ግን ሳትጎድል፣ ሳትሸራረፍ ደርሳለች። ሀ እና ለን የማይለይ፣ እዚሁ ኪርያት ጋት የተወለደ ልጅ «ባሪያ» የምትለዋን ቃል ያውቃታል። በዕብራይስጥ እያወራ መካከል ላይ በአማርኛ ጣል ያደርጋታል። ትምህርት ቤት አላስተማረውም። መንገድም አላስተማረውም። እኛ አስተማርነው።

በዚህ የለመደ ምላስ በሌላውም ላይ አይታክትም። ሙሽራ ሲፈለግ ቀይ፣ ጠይም፣ ጠቆር እያልን እንደ ሸማ ቀለም እናማርጣለን፤ በጎንደርና በአዲስ አበባ ዓመታት ሙሉ ተራ ጠብቀው የመጡትን ወንድሞቻችንን፣ አያታቸው በግፍና በችጋር ዘመን ተጠመቀች ብለን «ፈላስ ሙራ» እያልን ከማኅበራችን ዳር እናስቀምጣለን፤ የትግራዩና የጎንደሩ ልጅ በጎሪጥ ይተያያሉ፤ በሱዳን በስደት የሰው ደጅ የጠናን እኛ፣ በቴል አቪቭ ደቡብ የሚንከራተተውን ኤርትራዊና ሱዳናዊ ስደተኛ ስናይ ፊታችንን እናዞራለን። ማን እንደተቀበለን ረሳን። ማን ከአሳዳጅ እንደሸሸገን፣ ማን ምራቅ እንደተፋብን፣ ሁለቱንም ረሳን።

ይህን ስናገር የሚመጣውን ምላሽ አውቀዋለሁ። ባህል ነው ይባላል። ወይም፦ እኛ አንጸየፍም፣ ወገን ምን ይለናል ብለን ነው እንጂ ይባላል፤ እንዲህ የሚሉት ብዙዎች ናቸው፤ ሁሉም ወገን ምን ይላል ካሉ፣ ያ የሚፈራው ወገን ማን ነው? ወይም ደግሞ ነህምያ ይጠቀሳል፤ በሲግድ በምናነበው መጽሐፍ የእስራኤል ዘር ከባዕዳን ሁሉ ራሱን ለየ ተብሎ የለምን ይሉናል። አለ። ግን ባዕድ ያለው ባዕድ አምላክ የሚያመልከውን ነው። ሩት ሞዓባዊት ነበረች፤ ሕዝብሽ ሕዝቤ ነው ባለች ጊዜ ማንም አጥንቷን አልቆጠረም፤ ከእርሷ ወገን ንጉሥ ዳዊት ወጣ። እኛ የለየነው ሰው ባዕድ አምላክ አያውቅም። በእኛ ቤት ተወልዶ፣ በእኛ ጸሎት አድጎ፣ ከእኛ ጋር የተሰደደ ነው።

ዛሬ የሐዘን ጊዜ ነው፣ አንድነት እንጂ ተግሣጽ አያስፈልግም የሚልም አለ። ሐዘኑን እናውቃለን፤ ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 እልቂት የተረፉት የኒር ኦዝ መንደር ሰዎች ቤታቸው ተቃጥሎ፣ ወገኖቻቸው ተማርከው፣ በዚሁ በካርሜ ጋት ሲጠለሉ አይተናል። የእኛም ልጆች በጦርነቱ ወድቀዋል። በወታደር መቃብር ድንጋይ ላይ የልጁ ስም ተጽፏል፣ የአባቱና የእናቱ ስም ተጽፏል። ጨዋ ወይም ባሪያ ተብሎ አልተጻፈም። አንድነት ከተባለ በሠርግ ቤት እንጂ በመቃብር ብቻ መጀመር የለበትም።

በኦሪት ዘኍልቍ የተጻፈውን አስቡ። የሙሴ እኅት ማርያም ሙሴ ስላገባት ኩሻዊት ሴት በወንድሟ ላይ ተናገረች፤ አሮንም ተባበራት። ነቢይት ነበረች፤ ሙሴን ከውኃ ዳር ቆማ የጠበቀች፣ ባሕሩ ሲከፈል ሴቶቹን በከበሮ የመራች እኅት ነበረች። ይህ ሁሉ አላዳናትም። ለምጽ መታት፤ ሰባት ቀንም ከሰፈር ውጭ ተዘጋባት። ከዚያ የሚከተለውን ነገር ግን እናልፈዋለን፤ ሕዝቡ በሙሉ፣ እስከ እናቱ እቅፍ ሕፃን ድረስ፣ እርሷ እስክትመለስ ጉዞውን አቆመ። ስለ አንዲት ኩሻዊት ሚስት በተነገረ ክፉ ቃል አንድ ሕዝብ ሰባት ቀን በምድረ በዳ ቆመ። እኛ ስንት ኩሻዊትን ከሠርጋችን መልሰን፣ ከጎንደር ተነሥተን እዚህ እስክንደርስ አንድ ቀን አልቆምንም።

ይህን ልማድ የሰበሩ ልጆች እንዳሉ አልክድም። ወላጅ እንቢ ሲል አዳራሽ ራሳቸው ተከራይተው የተጋቡ፣ እናታቸው ያልመጣችበትን ሠርግ ያደረጉ አሉ። እነርሱን ቀድመን ልንመርቃቸው ሲገባን እነርሱ ቀደሙን። ያሳፍራል።

አሁን እንመለስ። በሐሰት ዝምድና የመለስነው ቤት ካለ ወደዚያ ቤት እንሂድ፤ ሽማግሌ አንላክ፣ አባትና እናት ሆነን በእግራችን እንሂድ፤ ዘመድ ነን ያልናችሁ ሐሰት ነበር፣ የናቅነው አጥንታችሁን ነበር፣ በድለናል እንበል፤ በሩን ቢዘጉብን ተመልሰን እንሂድ፤ ሦስተኛም ቢዘጉብን የሚገባን ነው። እናንተ ሽማግሌዎች፣ ሰባት ቤት ቆጥራችሁ ዝምድና ካጣችሁ ሥራችሁ አልቋል፤ ማእድ ቤት የሚጠራችሁ ቢኖር አትነሡ፤ የጠየቃችሁንም በሰሎኑ መካከል፣ ሁሉ እየሰማ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲጠይቅ አድርጉት። እናንተም ቄሶቻችን፣ የእናንተ ዕዳ ከሁላችን ይከብዳል፤ ቃላችሁ ገና ይሰማልና። ምክር ቤቱ ክኔሴት በ2008 ሲግድን የአገር በዓል አደረገልን፤ ሚኒስትሩ ይመጣል፣ ካሜራው ይመጣል፣ ጃንጥላው ይዘረጋል። ከአስተስርዮ በኋላ ባለው አምሳኛ ቀን በኢየሩሳሌም አርሞን ሐናጺቭ ላይ ኦሪቱ ተነቦ ወደ አማርኛና ወደ ትግርኛ ሲመለስ፣ ይህችን ኃጢአት በስሟ ጥሯት፤ ባሪያ ያልነው ወንድማችን ከእኛ እንደ አንዱ ነው፣ ልጁ ከልጃችን ይጋባል ብላችሁ በሁሉ ፊት አውጁ፤ እኛም በግንባራችን ወድቀን አሜን እንበል።

ይህን ለማድረግ ካልተቻለን ዘንድሮ አንውጣ። አውቶቡስ አንከራይ፤ ነጭ አንልበስ፤ አንጹም።